አስናቀ፣ የምርህን

ደብረ ታቦር ላይ እኔ አፌን ስከፍት ሰው መሳቅ ይጀምራል። ምን እንደምል ገና አያውቅም፤ ግን ይስቃል። ሥራዬ ጎሚስታ ነው። ወደ ጋይንት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ በተሠራች ቤት ውስጥ የባጃጅና የአይሱዙ ጎማ እጠግናለሁ። የምታወቀው ግን በጎማ ሳይሆን በአፌ ነው። አንድ ቀን የጋለ ብረት መዳፌን ላጠኝና «ተቃጠልኩ!» ብዬ ጮህኩ። ጎማ ሊያስነፉ የቆሙ የባጃጅ ሹፌሮች ሁሉ ሳቁ። አንደኛው ጭራሽ «ማን ነው ያቃጠለዎ ጋሽ አስናቀ? እሜቴ ናቸው?» አለኝ። እኔ እጄን በርሜሉ ውሃ ውስጥ ነክሬ ጥርሴን ነክሻለሁ፤ እነሱ የቃሉን ውስጠ ወይራ ይፈልጋሉ። አገሩ የቅኔ አገር ነውና ሰው ሁሉ ከቃል ሥር ሌላ ቃል መቆፈር ይወዳል። ምንም በሌለበትም ይቆፍራል።

ይኸን ስል ከደሙ ንጹሕ ነኝ ማለቴ አይደለም። ቃል እጄ ላይ ሲወድቅ ዝም ብዬ አላሳልፈውም። ደንበኛ ጎማውን ትቶልኝ ይሄድና በሰኔ ዝናብ ተመልሶ መጥቶ «ገና ነው?» ይለኛል። «ኧረ ገናስ በታኅሣሥ ነው፤ የርስዎ ጎማ ግን ነገ ይደርሳል» እለዋለሁ። ከጎኔ ሻይ ቤት ያለው ጎረቤቴ ምናለ ይባላል። ከሱ ቤት የሚወጣውን ሁሉ «ምናለ ምን አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ምናለም ከውስጥ «ምናለ ምንም አላለ!» ብሎ ይጮሃል። ስንት ዘመን የተባባልነው ነገር ነው፤ ዛሬም ይሳቅበታል። ስለ ሥራዬ የሚጠይቀኝ ካለ ደግሞ «ሰው ሲተነፍስ በሕይወት አለ ይባላል፤ ጎማ ሲተነፍስ ግን አለቀለት» እላለሁ።

የማትስቀው ባለቤቴ ፈንታነሽ ብቻ ነበረች።

ቀልድ ጠልታ እንዳይመስላችሁ። እህል አስፈጭታ፣ ዱቄቱን ነፍታ ለሱቆች የምታስረክብ ብርቱ ሴት ነበረች። ሳገባት «ፈንታ ነሽ ይሉሻል፤ የማን ፈንታ ነሽ?» ብያት «ያንተ ከሆንኩ ምን ጎደለብህ!» ብላ አፌን ያስያዘችኝ እሷ ናት። ከዚያ በኋላ ግን ቀልዱን ለኔ ተወችልኝ። ማታ ከሥራ ስገባ ወንፊቷን ይዛ አገኛታለሁ። «አንቺም ስትነፊ፣ እኔም ስነፋ ዋልን፤ ለአገሩ ነፋስ የምናቀርበው እኛ ነን» እላታለሁ። እስክጨርስ በትዕግሥት ትሰማኛለች። ወንፊቱን በርጩማው ላይ ታስቀምጣለች። ከዚያ በኋላ «እሺ አስናቀ። አሁን ደግሞ የምርህን ንገረኝ» ትለኛለች።

እነግራታለሁ። ወገቤን አሞኛል፣ እላታለሁ። ዛሬ ሥራ አልነበረም። ልጄ ናፍቃኛለች። እነዚህን ለሌላ ሰው ብናገራቸው ይሳቅባቸው ነበር። እሷ ግን ወገቤን ታሽልኛለች፣ ስለ ሥራው «ነገም ቀን ነው» ትለኛለች፣ ስለ ልጃችን አብራኝ ዝም ትላለች። አገር ምድሩ ቀልዴን ይወስዳል፤ ፈንታነሽ የተረፈውን ትወስዳለች። እኔ ደግሞ የተረፈው ነበርኩ።

አንዲት ልጅ አለችን፤ መክሊት ትባላለች። ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። እሑድ እሑድ ትደውላለች። ኢንተርኔቱ እንደ ፈቃዱ ስለሆነ፣ መልኳን ካየን ቆይተናል፤ ድምፅዋ ግን አይቀርም። «እማማስ?» ስትለኝ «እናትሽማ እኔን ልትከስ ፍርድ ቤት ሄዳለች፤ ምስክር ሁኝ ብትልሽ እምቢ በዪ» እላታለሁ። ፈንታነሽ ከጓዳ «አስናቀ፣ የምርህን ንገራት!» ብላ ትጮሃለች። መክሊት ያን ስትሰማ በሳቅ ትፈነዳለች። ቀልዱ ብቻውን አያስቃትም ነበር፤ የኔ ቀልድና የእናቷ ጩኸት ተያይዘው ነው የሚያስቋት። ይኸን ግን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ፈንታነሽ በዐቢይ ጾም አጋማሽ ሞተች። ታማ አልሰነበተችም። ቀብረናት ስንመለስ ዘመድ አዝማዱ ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ። ታላቅ እህቷ እትዬ ዓይናለም ከሐሙሲት መጥተው ነበር። ሁሉም እንባውን ጠርጎ ትንፋሹን ሲሰበስብ፣ እሳቸው ነጠላቸውን አጥብቀው ነገሩን አነሡት።

«መክሊት አይነገራትም» አሉ። «በሰው አገር፣ በሰው ማድ ቤት፣ ብቻዋን ሰምታ ማን ይይዛታል? ማን ውሃ ፊቷ ላይ ይረጭላታል? ውሏን ጨርሳ አገሯ እስክትገባ ድረስ፣ አስናቀ፣ ትንፍሽ እንዳትል።»

ማንም አልተቃወመም። መርዶ በስልክ እንደማይነገር እኔም አውቃለሁ። ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ የሚይዝ ክንድ ባለበት ነው የሚነገረው። ራሴን ነቀነቅሁ። ዝም ብዬ ብነቀንቅ ምን ነበረበት! አፌ ግን የለመደውን አደረገ።

«አይዞዎት እትዬ» አልኩ። «የሚተነፍስ መድፈን ሥራዬ ነው።»

ድንኳኑ ሳቀ። ሲያለቅሱ የቆዩ ሰዎች ሳቁ። ከዚያ አፍረው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድ ሽማግሌ «ተመስገን፣ ጽናቱን ሰጥቶታል» ሲሉ ሰማኋቸው። ወሬውም በዚያው ሄደ፤ አስናቀ ተጽናንቷል፣ አስናቀ ይቀልዳል ተባለ። ሌላ ሐዘንተኛ ቤት ሰው ሲመላለስ ይከርማል፤ እኔ ዘንድ ግን ቶሎ ቀረ። የተጽናና ሰው ማን ያጽናናል? አንዳንዱ ከመጣም ሊያጽናናኝ ሳይሆን እንዳጫውተው ነበር የሚመጣው። እነሱን አልፈርድባቸውም ብል ውሸቴን ነው። ተቀይሜያቸዋለሁ።

እሑድ መጣ፤ መክሊት ደወለች።

«እማማስ አባባ?»

«ጣራ ገዳም ሱባዔ ገብታለች። ስለ ኃጢአት ነው አሉ። ስለኔ ኃጢአት ነው የምትጸልየው፤ ቶሎ አትመለስም።»

ሳቀች። በሌላው እሑድ እናቷ ሐሙሲት እትዬ ዘንድ ነበረች። በሌላው ደግሞ ጉና ለቅሶ ሄዳ የበቅሎ መንገዱ በጭቃ ተይዞ ቀረች። ከዚያ ወዲያ «ጉሮሮዋን ይዟት ድምፅዋ ተዘግቷል፤ በፈንታነሽ ፈንታ እኔ ልመልስልሽ» አልኩ። ይኸን እንደተናገርኩ ምላሴን መቁረጥ ነበር ያማረኝ። መክሊት ግን ሳቀች። ሳቋን ሳላዳምጥ አልዘጋም። እውነቱን ልናገር፣ በሳምንቱ ውስጥ የምጠብቃት ያችን ሰዓት ብቻ ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ወደ ጓዳ ዞሬ አያለሁ። ወንፊቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። «አስናቀ፣ የምርህን» የሚለኝ ሰው የለም። በወንጌል መክሊቱን ቀብሮ የተቀመጠ ሰው አለ፤ እኔ ደግሞ የመክሊትን እናት ቀብሬ ተቀምጫለሁ። ይኸ ራሱ ሲመጣልኝ ተናደድኩ። ቤቱ ባዶ ሆኖ፣ የሚሰማኝ ጠፍቶ እንኳ ቃሉ አይተወኝም።

አንድ ቀን ለምናለ ልነግረው ሞከርኩ። ሰው ሲያልቅ ጠብቄ፣ ሻዬን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ምናለ» አልኩት፣ «ከብዶኛል።»

ፊቱ ፈካ። ሻዩን መቅዳት አቁሞ ጠበቀኝ። «ምኑ ነው የከበደዎ ጋሽዬ? ጎማው ነው አየሩ?»

«ቤቱ ነው የከበደኝ። ባዶው።»

«ባዶ ከብዶ!» ብሎ ጭኑን መታ። በነጋታው ለመጣ ሁሉ «ጋሽ አስናቀ ምን አሉ መሰላችሁ? ባዶ ከበደኝ አሉ!» እያለ ሲያወራ ሰማሁት። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ይወደኛል። የሚወደው ግን የሚያስቀውን አስናቀን ነው፤ ሌላውን አስናቀ አያውቀውም። እኔም ዳግመኛ አልሞከርኩም።

እንዲህ እያልን ቡሄ ደረሰ። ቡሄ ለኛ ከተማ እንደ ሌላው በዓል አይደለም፤ ስማችን ነው። ፈንታነሽ በዋዜማው ሙልሙል ትጋግራለች፤ ለሚጨፍሩት ልጆች አንዳንድ እየሰጠች፣ ጉልበተኛው እንዳይደግም በዓይኗ ትጠብቃለች። ዘንድሮ ልጆቹ ደጄ መጥተው መሬቱን በዱላቸው እየመቱ ጨፈሩልኝ። ሙልሙል አልነበረኝም። ኪሴ ውስጥ የነበረውን ሳንቲም ሰጠኋቸው። ሳንቲሙን ተቀብለው አልሄዱም፤ ቆመው ያዩኛል። «ጋሼ፣ አንድ ቀልድ!» አሉኝ። «ሂዱ ወዲያ!» ብዬ ጮህኩባቸው። ሳቁ፣ እየሳቁም ሄዱ።

በሩን ስዘጋ ስልኩ ጮኸ። እሑድ አልነበረም፤ መክሊት ለበዓሉ ብላ ነው የደወለችው።

«እንኳን አደረሰዎ አባባ! ሙልሙሉ ደረሰ? እማማን ያገናኙኛ፣ ሽታውን እንኳ በስልክ ትንፋልኝ!»

ትንፋልኝ አለች። የኔ ልጅ መሆኗ በምን ይጠፋል? ሌላ ጊዜ ቢሆን ተቀብዬ እመልስላት ነበር። ያን ቀን ግን ሁሉ ነገር አንገቴ ድረስ ሞላ። የእትዬ ዓይናለም ትእዛዝ፣ ጣራ ገዳም፣ ጉና፣ ጭቃው፣ የተዘጋው ጉሮሮ፣ ሁሉም ታከተኝ። ልጄ አንድ ሰው ናት የቀረችኝ፤ እሷንም በየሳምንቱ አታልላታለሁ።

«መክሊት» አልኳት።

«አቤት አባባ።»

«እናትሽ ሞታለች።»

ሳቀች።

ከት ብላ ነበር የሳቀችው። ከዚያ ትንፋሿን ሰብስባ፣ የቀረውን ለመስማት ተዘጋጅታ፣ «እሺ» አለችኝ፣ «ከዚያስ?»

ከዚያስ! የሚያውቁኝ ሁሉ የሚሉኝ ይህንኑ ነው። የምር አይደለም፣ ቀሪ አለው፣ መጨረሻው ያስቃል። ተቆጥቼ «የምሬን ነው» ልላት ነበር። ግን ያቺን የሳቀች ልጅ በሩቅ አገር፣ በሰው ማድ ቤት፣ ምጣድ አጠገብ ቆማ አየኋት። የሚይዛት ክንድ የለም። እትዬ ዓይናለም እውነታቸውን ነበር።

«ከዚያማ» አልኩ፣ «ሙልሙሉ ትዝ ሲላት ተነሥታ ጋገረች።»

እንደገና ሳቀች። «አባባ ደግሞ!» አለች። ወዲያው «ማዳሜ እየጠራችኝ ነው» ብላ ዘጋች።

ስልኩን ይዤ የፈንታነሽ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ። ቀብሯ ላይ ያላለቀስኩትን ያህል አለቀስኩ። ውጭ ልጆቹ የሚቀጥለው ጎረቤት ደጅ ላይ ይጨፍራሉ፤ ለቅሶዬን የሰማ አልነበረም። ቢሰማስ ሳቅ ይመስለው ነበር።

መክሊት ውሏን ጨርሳ በጥቅምት እንደምትገባ ነገረችን። እትዬ ዓይናለም ነገሩን ሁሉ በስልክ አሰናዱት። የወንድማቸው ልጅ ባሕር ዳር አውሮፕላን ጣቢያ ይቀበላታል፤ መሽቷል ብሎ ሐሙሲት እሳቸው ቤት ያሳድራታል፤ በማለዳ ዘመድና ካህን ተሰብስቦ ይነገራታል። በደንብ የታሰበ ነበር። እኔን በተመለከተ ግን ሌላ ነበር የታሰበው።

«አንተ እዚያው ደብረ ታቦር ቤቱን አሰናድተህ ጠብቅ» አሉኝ። «እኛ ነግረናት፣ አልቅሳ፣ ሲወጣላት እናመጣልሃለን።»

«እትዬ፣ ልጄ እኮ ናት።»

«ልጅህ ናት። መርዶ ቦታ ግን አንተ አፍህን ከከፈትህ…» ቃሉን አልጨረሱትም።

«እኔ ራሴ ልንገራት» አልኩ። እንዲህ አድርጌ ለምኜ አላውቅም። «እናቷ እንዴት እንደሞተች የማውቀው እኔ ነኝ። እኔ ልንገራት እትዬ። እባክዎ።»

ሲስቁ ሰማኋቸው። በአፍንጫ የሚወጣ፣ የፍቅር ሳቅ ነበር። «አይ አስናቀ! አንተ ደግሞ!» ብለው ዘጉት።

ያን ጊዜ የተሰማኝን እንዲህ ነው ብዬ መናገር አልችልም። ተናድጃለሁ፣ ግን ከንዴቱ ሥር ፍርሃት ነበረበት። ቀድመውኝ ሌሎች ከነገሯት፣ የመጨረሻዋም ሰው አመለጠችኝ ማለት ነው። ቤቴ ስትገባ ያለቀሰች፣ የተጽናናች፣ እንዳስቃት የምትጠብቅ ልጅ ሆና ትገባለች። እኔም አስቃታለሁ። በዚያው እስክሞት እንሳሳቃለን። የፈንታነሽን ሞት አንድ ቀን እንኳ ለማንም የምሬን ሳልናገረው ልሞት ነው።

መርዶው በሚነገርበት ዋዜማ ቤቱን ቆልፌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ያውቀኛል። ከኋላ ወንበር ላሉት ሳይቀር እየጠቆመኝ «ጋሽ አስናቀ ናቸው፤ ዛሬ መንገዱ አጠረልን» አለ። ተሳፋሪው ወደኔ ዞረ።

«ወዴት ነው ጋሽዬ?» አለኝ ረዳቱ።

«ሐሙሲት። መርዶ ልነግር።»

ሚኒባሱ ሳቀ። «የማንን?» አለ ሹፌሩ በመስተዋቱ እያየኝ።

«የሚስቴን።»

ይበልጥ ሳቁ። ሹፌሩ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ ዓይኑን ጠረገ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ወረታ እስክንደርስ ድረስ ቀሪውን ጠበቁኝ፤ አልነገርኳቸውም። ሐሙሲት ስወርድ ረዳቱ «ዛሬ አላማረብዎትም» አለኝ፣ ዕዳ የቀረበት ይመስል። እትዬ ቤት አልሄድኩም፤ ገበያው አጠገብ አልቤርጎ ይዤ አደርኩ።

ጎህ ሲቀድ እትዬ ዓይናለም ግቢ ደረስኩ። ዘመዱ ነጠላውን አዘቅዝቆ አንድ ሁለት እያለ ይገባል። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው በመደቡ ራስጌ ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ክንዳቸውን አዘጋጅተው በጓዳው በር ግራና ቀኝ ቆመዋል። እኔ በሩ አጠገብ፣ ከሰው ጀርባ፣ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ አዩኝ። ዓይናቸው ፈጠጠ። ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን በኃይል ነቀነቁልኝ። እኔም እጄን አፌ ላይ አደረግሁ።

ካህኑ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መክሊት ልጄ፣ ነይ ወዲህ» አሉ።

የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ፤ ልጄ ወጣች።

ጥቁር ለብሳ ነበር። ከላይ እስከ ታች ጥቁር። ከዘመድ የተዋሰችው አልነበረም፤ አዲስ ነበር፣ ሻንጣ ውስጥ የታጠፈበት መስመር ገና አልጠፋም። ከሪያድ ገዝታ፣ አጥፋ፣ ይዛው መጥታለች። ካህኑ የከፈቱትን አፍ መልሰው ዘጉት። ሊይዟት የተዘጋጁት ሴቶች ክንዳቸው አየር ላይ ቀረ።

«ማን ነገረሽ?» አሉ እትዬ ዓይናለም፤ ድምፃቸው ቁጣ ነበረበት። «ማን ነው በስልክ የነገረሽ?»

«አባባ ነግረውኛል» አለች መክሊት። «ቡሄ ዕለት።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እርግማን ይሁን ልማድ አላውቅም፣ አንዳንዱ ፊት ላይ ከአሁኑ ፈገግታ ጀምሮ ነበር። እጄን ከአፌ አወረድኩ።

«ስቀሽ ነበር እኮ» አልኳት።

መጥታ ከጆንያው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከስታለች። አንገቷ የእናቷን መስሏል።

«ሳቄ ቀደመኝ አባባ። የለመደ አፍ ነው» አለች። «ተነሥታ ጋገረች ሲሉኝ ግን ገባኝ። ቀልዱ አልጣመም። አንቱ ያልጣመ ቀልድ አውርተው አያውቁም። ከዚያ ደግሞ ያዳመጥኩትን ሁሉ መለስ ብዬ ሳስበው፣ ከጾሙ ወዲህ ከጓዳ የሚጮህብዎ ሰው አልነበረም። ማድ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ማዳሜ መጥታ ምን ሆነሻል አለችኝ፤ በምን ቋንቋ ልንገራት?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ? እስከ ዛሬ በየሳምንቱ ስትስቂልኝ…»

«ከኔ ሳቅ ሌላ ምን ቀርቶልዎታል ብዬ ነው።»

እትዬ ዓይናለም ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ጫኑ። አንዲት ሴት እንደ ወጉ ዋይታውን ልታነሣ አፏን ስትከፍት፣ መክሊት እጇን አንሥታ ከለከለቻት። ፊቷን ወደኔ መለሰች። እንደ እናቷ አደረገች፤ ቸኩላ አይደለም፣ ሁሉ ነገር እንዲረጋ ጠብቃ ነው የተናገረችው።

«አባባ» አለችኝ፣ «አሁን የምርዎን ይንገሩኝ።»

አፌን ከፈትኩ። ጠበቀችኝ። ቤቱ ሙሉ ሰው ጠበቀኝ። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀመርኩላት።

«ዱቄት እየነፋች ነበር» አልኩ። «ደከመኝ አለች። ከዚህ በፊት ደከመኝ ብላ አታውቅም። ወንፊቱን ከእጇ ተቀበልኳትና አስተኛኋት። እሳት አነደድኩ፤ አልሞቃት አለ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ እጄን ያዘችኝ። አስናቀ፣ የምርህን ንገረኝ፣ እድናለሁ ወይ? አለችኝ። ሌላ ጊዜ ስትጠይቀኝ እነግራታለሁ። ያን ቀን አልቻልኩም። እጇን ይዤ ዝም አልኩ። እሷም ገባት። ለመክሊት ቀስ ብለህ ንገራት አለችኝ፤ ሌላ ምንም አልተናገረች። እኔም ይኸው ቀስ አልኩ።»

ማንም አልሳቀም።